የመጀመሪያዋ ሣጥን

ቫልዲቪያ ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
ኪራይ ከፍሎ ገብቷል፣ የትም አይሄድም።
በወንዙ ዳር ገበያ፣ ከዓሣ መደቡ ኋላ፣
የባህር አንበሳ ሲያገሳ፣ የተጣለ ራስ ሊበላ፣
ዶኛ ኤርሚንዳ ቆማለች፣ የጎማ ቦቲ ተጫምታ፣
ባንድ እጇ ቢላ ጨብጣ፣ በሌላው ላፕቶፕ ከፍታ።

"ናዌል፣ ወዲህ በል" አለችኝ፣ ሣጥን ከትከሻዬ ሳላወርድ፣
"የተማርከው አንተ ነህ፤ በኔና በዚህ ማሽን ፍረድ።
የማታ ትምህርት ገብቻለሁ፤ ለልጆቼም አልነገርኩም፤
ሃምሳ ስምንት ሞልቶኛል፤ አሁን ሳቅ፣ ኋላ አልታገሥም።
መምህር ኦያርሱን ያዘዘን፦ የሳምንት ዓሣ ደምሩ፤
ሰባት ሣጥን፣ ሰባት ክብደት፣ በፕሮግራም ቁጠሩ።
እኔ በጣቴ ስደምር፣ ሁለት መቶ አሥር ይሞላል፤
እሱ መቶ ሰማንያ ብሎ፣ ዓይኔ እያየ ያጎድላል።
ሠላሳ ኪሎ የት ገባ? ሚዛን የሚነካ ሌባ
ገበያ ላይ አውቃለሁ፤ ማሽን ውስጥ በየት ገባ?"

ጊዜ አልነበረኝም እኔ። መኪናው ክላክስ ያደርጋል፤
በረዶው እየቀለጠ ነው፤ አለቃዬ ይሳደባል።
ላፕቶፗን ተቀበልኩና፣ ቅርፊት ከቁልፉ ጠርጌ፣
የጻፈችውን አጥፍቼ፣ ሁሉን እንዳዲስ አድርጌ፣
በሦስት ደቂቃ ጨረስኩ፤ ሁለት መቶ አሥር መጣ።
"ይኸው፣ አለቀ" አልኳትና፣ ምስጋናዋ እስኪወጣ
ቆምኩ።
ማያውን አየች። እኔን አየች። ቢላዋን አስቀመጠች።
"የኔዎቹ መስመሮች የት ሄዱ?" አለች።

ሌሊቱን ጣሪያው ሲንኳኳ፣ ከእንቅልፌ ጋር ስጣላ፣
ያጠፋሁት ትዝ አለኝ፣ ቀስ በቀስ፣ አንዱ ካንዱ ኋላ።
አሥራ አራት መስመር ነበሩ። ጠማማ፣ ግን የሷ።
ቆጣሪውን "ልጅ" ብላዋለች፣
ከሣጥን ሣጥን ሲሮጥ፣ የዓሣ ሻጭ ልጅ ስለሚመስላት፤
ድምሩን "ቅርጫት"።
እኔ ልጁን አባርሬ፣ ስም የለሽ ፊደል ተከልኩበት፤
ቅርጫቱን ጣልኩት።
ስንት ማታ ፈጅቶባት ይሆን፣ በረዶ ባደነዘዘው ጣት?
ደግሞስ አምና የባልታሳርን መልስ፣ ቃል በቃል ገልብጬ፣
ፈተናው ላይ ባዶ ወረቀት፣ እንደ ባለዕዳ አፍጥጬ
የዋልኩት ረስቼው ነው?

ሲነጋ ቀድማኝ ደርሳለች። "ያንተን ደመሰስኩት" አለች፤
"የኔን መልሼ ጻፍኩት፤ ስህተቴም እዚያው አለች።
መንገድ ነው የጠየቅኩህ ልጄ፣ እዘለኝ መች አልኩህና፤
በሰው ጀርባ የደረሰ ሰው፣ መመለሻውን አያውቅምና።"

እጄን ኪሴ ከተትኩት። ሊወጣ ታገለኝ።
"ልጁ ሩጫ ሲጀምር፣ ከየትኛው ሣጥን ይነሳል?"
"ካንድ ነዋ! ከየት ሊነሳ ኖሯል?"
"ማሽኑስ የፊተኛዋን ሣጥን፣ ስንት ብሎ ይጠራታል?"

ዝም አለች። አንበሳው አገሳ። ሁለት ደንበኛ መጥቶ ሄደ።
ጣቷ አየር ላይ ቆጠረ፤ ወጣ፣ ቆመ፣ ወረደ።
ከዚያ
"ዜሮ!" ብላ ጮኸች፤ ጎረቤቷ ዋጋ መስሎት ዞረ።
"ለካ ዜሮ ባዶ አይደለም! ለካ እዚያም ሣጥን ነበረ!
ልጁ ዘሏት ሲያልፍ ነው፣ ሠላሳ ኪሎዬ የቀረ!"
ቀስ ብላ ደግሞ፣ ለራሷ ያህል፦
"እኔም ገበያው ሳይከፈት፣ ከሌሊቱ አሥር ጀምሮ
በረዶ ስፈልጥ እኖራለሁ፤ ያቺን ሰዓት ማን ቆጥሮ?"

አንዲት አሃዝ ለወጠች። ሁለት መቶ አሥር።
አላመሰገነችኝም። ወደ ቢላዋ ተመለሰች፣
"መርሉሳ! ትኩስ መርሉሳ!" እያለች።

መምህሩ ከሰባት ስድስት ሰጣት፤
"ልጅ" ለቆጣሪ ስም አይሆንም ብሎ ነው፣ አንዱን የነፈጋት።
አልለወጠችውም።
እስካሁን ይሮጣል ልጁ፣ ከዜሮ ተነስቶ፣
ከሣጥን ሣጥን፣ አንዷን ሳይዘል፣ በዝናብ።